ጳጉሜን 6ን የዘለለው ደወል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አስተምራለሁ። የክፍለ ጊዜ ደወል የሚደውል ሰዓት በአርዱዪኖ ኡኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ በዲኤስ 3231 የሰዓት ቺፕ፣ በባለ ሁለት መስመር ኤልሲዲና በአራት ቁልፎች ሠርቻለሁ። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ በ2015 ማብቂያ ጳጉሜን 6ን ዘሎ መስከረም 1 አለ። ደወሉና የሳምንቱ ቀን ትክክል ስለነበሩ ዝም አልነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ከርሞ በ2017 መባቻ ማንም ሳይነካው ተስተካከለ። ሁለተኛ፣ የኮሌጁ የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ከሞተ ወዲህ ሌሊት መብራት ከጠፋ ቀኑ ሳይቀየር ያድራል። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ምናሌው ውስጥ ገብቶ ከቆየ ደወሉ ሳይደወል ያልፋል። ቺፑን ልቀይር ወይስ ፕሮግራሙን?»

ቺፑን አይንኩት። ዲኤስ 3231 የራሱን ሙቀት እየለካ ጊዜ የሚቆጥርበትን የክሪስታል ንዝረት የሚያስተካክል ቺፕ ነው፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስህተቱ ከሚሊዮን 2 እጅ አይበልጥም። ይህ ማለት ቢበዛ በዓመት አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከሚሊዮን 20 እጅ የሚስት ተራ ክሪስታል የተገጠመለት ዲኤስ 1307 ቢሆን ግን ያንኑ አንድ ደቂቃ በወር ከምናምን ውስጥ ያባክነው ነበር። ስለዚህ ጥሩ ሰዓት በእጅዎ አለ። ሦስቱም ችግሮች ያሉት ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ሲመረመሩም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፦ ጊዜን መያዝ የቺፑ ሥራ ሆኖ ሳለ ፕሮግራምዎ ሥራውን ከቺፑ ነጥቆ ራሱ ሊይዘው ሞክሯል።

«ማንም ሳይነካው ተስተካከለ» ያሉት ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። በዘፈቀደ የሚሳሳት ሰዓት በዘፈቀደ አይታረምም። አንድ ቀን ጠፍቶ ልክ ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ከተመለሰ፣ ጳጉሜን 6 ያለችበት ዓመት በአንድ ዓመት ተዛንፏል ማለት ነው። ኮድዎን ባላየውም «ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜን 6 ናት» የሚል መስመር እንዳለበት እርግጠኛ ነኝ። ይህ የፈረንጆቹ ደንብ ነው። የእኛ ቀሪ 3 ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዓመተ ዓለሙ (ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር 5500) ለ4 ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ይባላል፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜንም የምትውለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ከዓመተ ዓለሙ የሚቀነሰው 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ደንቡን በቀጥታ በዓመተ ምሕረቱ ላይ መሥራት ይቻላል። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ ነበረ። ፕሮግራምዎ ግን 2016ን፣ ዮሐንስን ጠበቀ። በ2015 የነፈጋትን ቀን በ2016 ማብቂያ ያለ ቦታዋ ከፈላት፤ የተስተካከለ የመሰለውም በዚህ ነው። እንዲሁ ከተዉት በ2019 ማብቂያ ይደግመዋል።

እዚህ ላይ ዜሮውን ወደ 3 ለውጠው እንዳያበቁ እለምናለሁ። ሁለተኛው ችግርዎ እንደሚነግረን፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ተለዋዋጮች ይዘው እኩለ ሌሊት ባለፈ ቁጥር በቀኑ ላይ 1 ይደምራሉ፤ ከዚያ ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ማኅደር) ውስጥ ይጽፉታል። ይህ አሠራር የሚሠራው ፕሮግራሙ በየእኩለ ሌሊቱ ነቅቶ ካገኘው ብቻ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ቺፑ በትንሿ ባትሪው ጊዜውን መቁጠሩን አላቋረጠም፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የኡኖው ማይክሮኮንትሮለር ግን ተኝቶ ነበር፤ ቀኑን አላየውም፤ ስለዚህ አልደመረም። በአገራችን መብራት መጥፋቱ ያልታሰበበት መሣሪያ ዲዛይኑ ገና አላለቀም ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው የኢትዮጵያን ቀን የትም አለማስቀመጥ ነው። ቺፑ ውስጥ የሚቀመጠው እርሱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስ ቀን ይሁን፤ ከ2000 እስከ 2099 ያሉትን ዓመታት የወር ርዝመትና የየካቲት 29ን ነገር ጨምሮ ያለ ስህተት ይቆጥራል። የእኛ ቀን በተፈለገ ቁጥር ከእርሱ ይሰላ፤ ታይቶ ይጣል። ያልተቀመጠ ነገር ሊዛነፍ አይችልም።

ስሌቱ ከሚያስቡት በላይ አጭር ነው። መጀመሪያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ወዲህ ያለፉትን ቀናት ይቁጠሩ፤ ያ ዕለት ራሱ 0 ይሁን። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር፤ ከመስከረም 1 ቀን 1992 በ111 ቀናት ይርቃል። ስለዚህ በቆጠራው ላይ 111 ይደምሩና ውጤቱን «ብዛት» ይበሉት። አሁን «ብዛት» ከመስከረም 1 ቀን 1992 የተቆጠረ ነው። 1992ን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ አራቱ ዓመታት ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ተብለው ይደረደራሉ፤ ተጨማሪዋ ቀንም የ1461 ቀናቱ ዙር የመጨረሻዋ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለው ማካፈል ብቻ ነው፦

ዙር = ብዛት ÷ 1461፣ ቀሪውን «ትርፍ» ይበሉት
ዓመት = ትርፍ ÷ 365፤ 4 ከመጣ ወደ 3 ይመለስ
ዕለት = ትርፍ − 365 × ዓመት
ወር = ዕለት ÷ 30 + 1
ቀን = ዕለት ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው + 1
ዓመተ ምሕረት = 1992 + 4 × ዙር + ዓመት

ማካፈሉ ሁሉ የሙሉ ቁጥር ነው። «4 ከመጣ ወደ 3 ይመለስ» የምትለዋ ቁራጭ የጳጉሜን 6 ሕግ በሙሉ ናት፤ 4 የሚመጣው ትርፉ 1460 በሆነበት በዚያ አንድ ዕለት ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን እንሞክር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ወዲህ 8654 ቀናት አልፈዋል፤ 111 ሲደመር 8765 ነው። ለ1461 ሲካፈል 5 ደርሶ 1460 ይተርፋል። 1460 ለ365 ሲካፈል 4 ነው፤ ወደ 3 እንመልሰው። ዕለቱ 365 ይሆናል፤ ወሩ 13፣ ቀኑ 6፣ ዓመቱ 1992 + 20 + 3 = 2015። ሰዓትዎ የዘለላት ቀን ይህችው ናት። አሥራ ሦስተኛው ወር ምንም ልዩ ሕግ ሳይጻፍለት ከማካፈሉ ብቻ መውጣቱ እኔን ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮች ለማይክሮኮንትሮለር የተሰፉ ይመስላሉ፤ የፈረንጆቹ 31፣ 28፣ 31፣ 30 ግን ሰንጠረዥ ይፈልጋል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። በኡኖው ላይ ያለው ኤቲሜጋ 328ፒ ተራውን ሙሉ ቁጥር በ16 ቢት ይይዛል፤ ምልክት ያለው (አሉታዊም የሚይዝ) ከሆነ ከ32767 አያልፍም። የመቶ ዓመቱ ቀናት 36525 ስለሆኑ «ብዛት»ን ምልክት በሌለው ዓይነት ያውጁት። ከዚህ የባሰው የሰከንዶች ስሌት ነው። 24 × 60 × 60 ብለው ከጻፉ ትክክለኛው መልስ 86400 ሆኖ ሳለ በ16 ቢት ታጥፎ 20864 ይመጣል፤ ለምን እንደሚሳሳት ሳያውቁ ሳምንት ሊፈልጉት ይችላሉ። ከሦስቱ ቁጥሮች ቢያንስ የመጀመሪያውን ባለ 32 ቢት ያድርጉት።

የሳምንቱን ቀን ከቺፑ አይቀበሉ። ዲኤስ 3231 ከ1 እስከ 7 የሚቆጥር መዝገብ ቢኖረውም ከቀኑ አስልቶ አያወጣውም፤ የሰጡትን ቁጥር ይዞ በየእኩለ ሌሊቱ አንድ ይጨምራል እንጂ። ቀኑን አስተካክለው የሳምንቱን ቀን ከረሱ ሁለቱ ለዘላለሙ ተለያዩ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ቅዳሜ ነበር፤ 111ን ከመደመርዎ በፊት ባለው የቀን ቆጠራ ላይ 6 ደምረው ለ7 ሲያካፍሉ የሚተርፈው፣ እሑድን 0 ካሉ፣ የሳምንቱ ቀን ነው።

ሰዓቱ ቀላል ነው። የቺፑ ሰዓት ላይ 6 ደምረው ለ12 ያካፍሉ፤ የሚተርፈው የእኛ ሰዓት ነው፤ 0 ከተረፈ 12 ይጻፉ። ያንኑ የቺፑን ሰዓት ለ6 ሲያካፍሉት ደግሞ 0 ሌሊት፣ 1 ጠዋት፣ 2 ቀን፣ 3 ምሽት ይሆናል። ይህችን ቃል ከሰዓቱ ጎን ሳያስቀምጡ 2:30 ብለው አይጻፉ፤ የማታ ተማሪዎች ካሏችሁ 2:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። የደወሉ ሰንጠረዥ ግን በውስጥ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጠር ደቂቃ፣ ከ0 እስከ 1439፣ ይቀመጥ። ሁለት ባይት ለደቂቃው፣ አንድ ባይት ለሳምንቱ ቀናት፤ አንድ ደወል በሦስት ባይት ያልቃል። የዕለቱ ስም የሚለወጥበትን ሰዓት የሚጠይቁ አሉ። በአነጋገራችን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ጊዜ «ለማክሰኞ አጥቢያ» እንላለን፤ ማክሰኞ ገና እየነጋ ነው ማለታችን ነው። ለትምህርት ቤት ደወል ቀኑን በእኩለ ሌሊት መለወጥ በቂ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰዓት ቢሆን ኖሮ የአገልግሎቱን ሰዎች ጠይቄ እወስን ነበር።

አሁን ወደ ምናሌው። በእኔ ዘንድ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ቀኑን ለማስላት አንድ ምሽት በቂ ሲሆን ምናሌን በወጉ መሥራት ግን የፕሮግራሙን አጥንት ይለውጣል።

የእርስዎ ምናሌ ዑደት በዑደት ውስጥ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ ተጠቃሚው «ሰዓት ማስተካከያ» ሲገባ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። በሩ ላይ ቆሞ ከእንግዳ ጋር ሲያወራ ቡናው ምጣድ ላይ ያርራል። ቡና የምትቆላ ሴት እንግዳዋን ቀና ብላ ትቀበላለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች፤ እጇ ግን ማማሰሉን አያቋርጥም። ፕሮግራሙም እንዲሁ መጻፍ አለበት። እኔም መጀመሪያ የሠራሁትን ደወል ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጥቼ፣ ጥበቃው ምናሌውን ከፍቶት ስለሄደ ግማሽ ቀን ሳይደወል ውሏል። መምህራኑ በእጃቸው ብረት እየመቱ ተማሪ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቅ ዑደት የሚባል ነገር በሰዓት ፕሮግራም ውስጥ አልጽፍም።

ዋናው ዑደት በእያንዳንዱ ዙር አምስት ነገር ይሥራ፦ ቺፑን ያንብብ፣ ደወል ደርሶ እንደሆነ ይፈትሽ፣ ቁልፎቹን ይይ፣ ምናሌውን አንድ እርምጃ ያራምድ፣ ስክሪኑ ላይ የተለወጠውን ይጻፍ። እያንዳንዱ በጥቂት ሚሊሰከንድ አልቆ ይመለሳል፤ የትኛውም አይጠብቅም፤ ማዘግያ ትእዛዝ የሚባለው ከፕሮግራሙ ጨርሶ ይውጣ። ምናሌው ታዲያ የት እንደደረሰ እንዴት ያስታውሳል ቢሉ፣ በአንድ ቁጥር። የምናሌው ገጾች በሰንጠረዥ ይደርደሩ፤ እያንዳንዱ ረድፍ የገጹን ስም፣ ወላጁን፣ የመጀመሪያ ልጁን፣ ቀጣዩንና ሲመረጥ የሚሠራውን ፋንክሽን ይያዝ። «አሁን ያለሁት ረድፍ 7 ላይ ነው» የምትል አንዲት ባይት ሙሉውን ሁኔታ ትገልጻለች። አዲስ ገጽ ማስገባት ሲፈልጉ ረድፍ ይጨምራሉ እንጂ ኮድ አይነኩም። ሰንጠረዡን በፍላሽ ማኅደር ያኑሩት፤ ፍላሹ 32 ኪሎባይት ነው፤ ራሙ ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ጽሑፍ አይባክንበት።

ቁልፎቹ የብረት ንክኪ ስለሆኑ አንዴ ሲጫኑ ብዙ ጊዜ ይዘላሉ። ንባቡ ለ30 ሚሊሰከንድ ያህል ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ተጭኗል ይበሉ። ከ700 ሚሊሰከንድ በላይ ተጭኖ ከቆየ በየ150 ሚሊሰከንዱ እንደገና እንደተጫነ ይቁጠሩት፤ ደቂቃን ከ0 ወደ 45 ለማድረስ አርባ አምስት ጊዜ የሚያስጭን መሣሪያ ሰው አይወደውም።

ማስተካከያው የሚሠራው በቅጂ ላይ ይሁን። ተጠቃሚው ሲገባ የአሁኑን ቀንና ሰዓት ይቅዱለት፤ የሚለውጠው ቅጂውን ነው፤ እውነተኛው ሰዓት ከበስተጀርባ ይሮጣል፤ ደወሉም ይደወላል። «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ በፍጹም አያስቀምጥ፤ ለ30 ሰከንድ ምንም ካልተጫነም ቅጂው ተጥሎ ወደ መነሻው ገጽ ይመለስ። ያቺ የጥበቃው ነገር ዳግመኛ አትደርስም። «ግባ» በመጨረሻው መስክ ላይ ሲጫን ብቻ ይጻፍ፤ ሲጻፍም ሰከንዱ 0 ይሁን፤ ያኔ ሬዲዮ ሰዓት ሲነግር ጠብቆ ቁልፉን መጫን ይቻላል። ሰዓት ብቻ ከተስተካከለ ቀኑን አይጻፉ፤ ቀን ብቻ ከተስተካከለም ሰዓቱን አይንኩ።

ቀን ሲያስተካክሉ ስክሪኑ ላይ እንደተለመደው ወር፣ ቀን፣ ዓመት ይታይ፤ ጠቋሚው ግን ከዓመቱ ይጀምር፣ ወደ ወሩ ይሂድ፣ በቀኑ ይጨርስ። ይህን አጥብቄ የምመክረው የቀኑ ጣሪያ በሌሎቹ ስለሚወሰን ነው፤ ወሩ ጳጉሜን ካልሆነ 30፣ ከሆነ 5፣ ዓመቱ ሉቃስ ከሆነ 6። ነሐሴ 30 ላይ ያለ ሰው ወሩን ወደ ጳጉሜን ሲያዞር ቀኑ ወዲያው ወደ ጣሪያው ይውረድ፤ አለበለዚያ ጳጉሜን 30 የሚባል ቀን ወደ ቺፑ ተሰልቶ ይገባል። ወደ ጎርጎርዮስ መመለሻውም አጭር ነው፦ ከዓመቱ 1992 ይቀንሱና «ልዩነት» ይበሉት፤ 365 × ልዩነት + ልዩነት ÷ 4 + 30 × (ወር − 1) + ቀን − 1 − 111 ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ወዲህ ያሉትን ቀናት ይሰጥዎታል።

የደወሉን ፍተሻ «ሰከንዱ 0 ከሆነ» በሚል አይጻፉት፤ አንድ ዙር ቢዘገይ ያልፍዎታል። መጨረሻ የፈተሹትን ደቂቃ ያስታውሱ፤ ከእርሱ እስከ አሁን ያሉትን ደቂቃዎች ሁሉ ይፈትሹ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ከ2 ደቂቃ ከበለጠ ያለፉትን ይተዉ፤ አለዚያ የጠዋቱ ደወሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ደወሉ 5 ሰከንድ የሚጮኸውም ያለ ማዘግያ ነው፦ ሲጀምር የሚሊሰከንዱን ቆጠራ ይመዝግቡ፤ በየዙሩ አሁን ካለው ቆጠራ መነሻውን ቀንሰው 5000 ሲደርስ ያጥፉ። ቆጠራው በ49.7 ቀናት አንዴ ወደ 0 ይመለሳል፤ ምልክት የሌለው መቀነስ ይህን ያለ ችግር ያልፈዋል። «መነሻ + 5000 ከአሁኑ ቢያንስ» ብለው ከጻፉት ግን በዚያች ቅጽበት ደወሉ ወዲያው ይቋረጣል።

ቺፑን ሲያነቡ ሰባቱን የሰዓትና የቀን ባይቶች በአንድ ጉዞ ያንብቡ። ንባቡ ሲጀመር ቺፑ ጊዜውን በአንድ ላይ ቀድቶ ይይዝልዎታል፤ ደቂቃውን አሁን፣ ሰዓቱን በሌላ ጊዜ ካነበቡ ግን 7:59 ወደ 8:00 ሲሻገር 8:59 ሊያዩ ይችላሉ። መሣሪያው ሲነሣ ደግሞ በ0ኤፍ መዝገብ ያለውን ሰባተኛ ቢት (ከ0 ሲቆጠር) ይመልከቱ፤ 1 ከሆነ ንዝረቱ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ያኔ ቀኑን ማመን የለብዎትም፤ ስክሪኑ «ሰዓት አስተካክል» ብሎ ይጥራ፤ በስህተት ቀን ከመደወል ዝም ማለት ይሻላል።

የግዕዝ ፊደል ለማሳየት ካሰቡ ባለ ሁለት መስመሩ ኤልሲዲ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 8 የራስ ፊደል ብቻ ነው፤ ስፋቱም 5 ነጥብ ስለሆነ ጳን በወጉ መሣል አይቻልም። 128 በ64 ነጥብ ያለው ስክሪን ይግዙ። የአሥራ ሦስቱን ወራትና የሰባቱን ዕለታት ስም ለመጻፍ የሚያስፈልጉት የተለያዩ ፊደላት 45 ናቸው፤ በ16 በ16 ነጥብ ቢሣሉ እያንዳንዱ 32 ባይት፣ በድምሩ 1440 ባይት ይወስዳሉ። ፍላሹ ይችለዋል። ለኮሌጁ ተማሪዎች «ኅዳር» ተብሎ መታየቱ ከ«03» በላይ ዋጋ አለው እላለሁ።

ሰማያዊዋን የዲኤስ 3231 ሞጁል የሚጠቀሙ ከሆነ ባትሪዋን ይፈትሹ። ብዙዎቹ ባትሪውን የሚሞላ ዳዮድና 200 ኦም ተቃዋሚ አላቸው፤ ገበያ ላይ የምናገኘው ሲአር 2032 ግን የሚሞላ ዓይነት አይደለም፤ በ5 ቮልት ሲሞላ ሊያብጥና ሊያፈስ ይችላል። ተቃዋሚውን ይንቀሉት።

ከመጫንዎ በፊት ሁለቱን ስሌቶች በኮምፒውተር ላይ በ36525ቱም ቀናት ያስኪዱ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለውጠው ሲመልሱ ያው ቁጥር መምጣት አለበት። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስህተት ሊስማሙ ስለሚችሉ ግን ከውጭ ዳኛ ይጥሩ። ዳኛው ባሕረ ሐሳብ ነው፦ ዓመተ ዓለሙን ከመጠነ ራብዒቱ፣ ማለትም ከአራተኛ እጁ፣ ጋር ደምረው ለ7 ያካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ለ2016፦ 7516 + 1879 = 9395፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ በእርግጥም ማክሰኞ ነበር። ለ2018 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ። የእርስዎ ፕሮግራም እስከ 2091 ዓ.ም. ድረስ ባሉት እንቁጣጣሾች ሁሉ ከዚህ ጋር ከተስማማ ጨርሰዋል።

ከዚያ ቺፑን ወደ ጳጉሜን 5 ቀን 2019፣ ከምሽቱ 5:59 ያምጡት፤ ምናሌውንም ሆን ብለው ከፍተው ይተዉት፤ ለ6:00 ሰዓትም አንድ ደወል ይሙሉ። ከፊቱ ቆመው ይጠብቁ። ደወሉ ከጮኸ፣ ምናሌው በራሱ ተዘግቶ ስክሪኑም ጳጉሜን 6 ካለ፣ ግድግዳው ላይ ይስቀሉት።